በደባርቅ ኬላ የተያዘው ፕሮግራም

በደርግ ጊዜ፣ የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ የመመረቂያ ሥራዬ ሌላ ፕሮግራም የሚያነብ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ነበር። የእኔው ፕሮግራም የሌላውን ትእዛዞች መስመር በመስመር ይመረምርና ፈጽሞ የማይደረስበት መስመር ሲያገኝ ከውስጡ ያወጣዋል። የቀረው ግን እንደ ፊቱ ያንኑ መልስ መስጠት አለበት። በተሰጡኝ ምሳሌዎች ላይ ሁሉ ሠራልኝ፤ በአንዱ ላይ ብቻ መልሱ እየተበላሸ አስቸገረኝ። ምክንያቱን ሳላገኝ የእረፍት ጊዜ ደረሰና፣ ኮምፒውተሩ ያን ምሳሌና ፕሮግራሜን ያተመበትን ተጣጣፊ ወረቀት በሻንጣ ይዤ ወደ ደባርቅ ተሳፈርኩ። ሽፋኑ ላይ፣ አባቴ እንዲያነቡት ብዬ፣ በአማርኛ «ፕሮግራምን መመርመርና መለወጥ» ብዬ ጽፌበታለሁ።

ያን ጊዜ «ፕሮግራም» ሲባል ለሰው ሁሉ ቀድሞ የሚታየው ፖለቲካ መሆኑ ትዝ ያለኝ ደባርቅ ኬላ ስንደርስ ነው። ፈታሹ ወታደር ርእሱን አነበበ። ወረቀቱን ዘረጋው። ቁጥርና የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ።

«ውረጂ!»

ከዳባት ጀምሮ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው አንገታቸውን ደፉ። አውቶቡሱ ጥሎኝ ሄደ።

የኬላው አዛዥ መቶ አለቃ ነበር። «የማንን ፕሮግራም ነው የምትለውጪው?» አለኝ።

«የኮምፒውተር ነው፣ ጓድ መቶ አለቃ። ትምህርቴ ነው።»

«አስረጂኝ።»

አንዱን መስመር አሳየሁት። «ይኼ ‹ዝለልና ወደ ሃምሳ ሂድ› ይላል። ከሥሩ ያለው መስመር እንግዲህ አይደረስበትም። ስለዚህ ይወጣል።»

ወረቀቱን አተኩሮ አየ። «ከታች የሚመጣስ?»

«ከታች?»

«አንቺ ከጎንደር ስትመጪ እዚህ ትወርጃለሽ፤ ከታች ያለውን የሊማሊሞን መንገድ አትረግጪውም። ከአዲ አርቃይ የሚመጣው መኪና ግን በሊማሊሞ ነው የሚወጣው። ማንም አይደርስበትም ብዬ ጥበቃዬን ላንሳ?»

ወረቀቱን ከእጁ ነጥቄ ገለጥኩ። ብዙ ገጽ ካለፍኩ በኋላ አገኘሁት፤ ወደ ኋላ ተመለስ የሚል ትእዛዝ፣ ልክ ፕሮግራሜ ወዳወጣው መስመር!

«አገኘሁት!» ብዬ ጮህኩ። በሩ ላይ የቆመው ወታደር መሣሪያውን አነሳ።

«ምኑን?» አለ መቶ አለቃው ደንግጦ።

«ስሕተቱን! እርስዎ ነዎት ያገኙልኝ!» እንባዬ መጣ። ለወር ያህል እንቅልፍ የነሳኝን ነገር እየለፈለፍኩ ነገርኩት፤ ምን ያህሉ እንደገባው እንጃ። መጨረሻ ላይ ሳቀ። «ሰላይ እንዲህ ደስ ሲለው አይቼ አላውቅም» አለ። ከዚያም ርእሱን ሰርዞ በራሱ እጅ «የሂሳብ ትምህርት» ብሎ ጻፈበትና፣ «ሌላ ጊዜ እንዲህ ብለሽ ጻፊ። ሌላ ቦታ ቢሆን አትመለሺም ነበር» አለኝ።

ሻንጣዬን ተሸክሜ በብርዱ ወጣሁ። እግሬ መሬት የሚነካም አይመስለኝ። ገበያው አጠገብ ስደርስ አባቴ ጋቢያቸው እየተጎተተ ሲሮጡ አየኋቸው፤ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ሲጠብቁኝ እኚያ አጠገቤ የነበሩት እናት ነግረዋቸው ኖሯል።

«ምን አደረጉሽ?»

«ረዱኝ» አልኳቸው።

አላመኑኝም። ፊቴን፣ እጄን፣ ክንዴን ዳበሱ። ደህና መሆኔን ሲያረጋግጡ የመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉና «ተመስገን» እያሉ እንደ ልጅ አለቀሱ።

በዚያው ሳምንት ፕሮግራሜን በእርሳስ አረምኩት፤ መስመር ከማውጣቱ በፊት ከላይም ከታችም ወደዚያ የሚዘል ትእዛዝ እንዳለ እንዲፈልግ አደረግኩት። ስመለስ ያ አስቸጋሪ ምሳሌ ትክክለኛ መልስ ሰጠ፤ ተመረቅሁም። አባቴ ግን ከዚያ ወዲህ ሻንጣዬን ራሳቸው አገላብጠው ካላዩ አውቶቡስ አያሳፍሩኝም ነበር።