ጥላ የተከለከለችው ጊደር

ልጄ እዚሁ ሱዳን ድንበር አጠገብ፣ ኮኪት ከተማ የባዮሎጂ መምህርት ናት። ባለፈው እሑድ የማግስቱን ትምህርት ስታዘጋጅ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። የጥንት ሰው ስለታም ጥፍርም ፍጥነትም አልነበረውም፤ አውሬውን በቆላ ፀሐይ የሚረታው እያላበው ረጅም መንገድ በመሄዱና ዱካ በማስተዋሉ ነበር ይላል መጽሐፉ። ሳቄ መጣ። እኔ ይህን የተማርኩት ከአንዲት ቀይ ጊደር ነው።

በወጣትነቴ ከደጋ ወደዚህ ቆላ ወርጄ ለሰሊጥ አጫጆች ወጥ ሠሪ ነበርኩ። በሁለተኛው ዓመት የእርሻው ባለቤት በደመወዜ ፈንታ ያችን ጊደር ሰጠኝ። ከብት እየነዳሁ አገሬ ልገባ ነው ብዬ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። በማግስቱ ጠዋት ግን አጫጆች የጫነ መኪና ጡሩምባ ሲነፋ ደነበረችና ገመዷን በጥሳ ወደ ምዕራብ ነጎደች። በዚያ በኩል ያለው ሱዳን ነው። ድንበሩን ከተሻገረች የሁለት ዓመት ልፋቴ አብሯት ሄደ ማለት ነው።

እኔ የደጋ ልጅ በሩጫ ልቀድማት! ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ከነፍኩ። ጭራሽ አርቄ ሰደድኳት፤ እኔም ሰሊጥ ክምር ሥር ተዘረርኩ። አጫጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁብኝ። ያልሳቁት የእርሻው ዘበኛ፣ የቆላው ተወላጅ ጋሽ አደም ብቻ ነበሩ። ውኃ በጀሪካን አንጠልጥለው መጡና አጠገቤ ቆሙ።

“አትሩጪ፣ ልጄ። እሷ ፀጉር ለብሳለች፣ አንቺ ያልብሻል። ጥላ ብቻ ከልክያት” አሉኝ።

በእርጋታ ተከተልናት። የግራ የፊት ሰኮናዋ ጫፍ የተሸረፈ ስለነበር፣ በዚያ ምልክት ዱካዋን ከሌሎች ከብቶች እንድለይ አስተማሩኝ። ቁርቁራ ዛፍ ሥር ልታርፍ ስትል እንደርስና እናስነሳታለን። ሌላ ዛፍ ትፈልጋለች፤ እዚያም እንደርሳለን። የማሽላ ቂጣ እየቆረስን፣ ውኃውን በጉንጭ በጉንጭ እየቀመስን ሄድን። ጥቅምት ነበር፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ላብ ያራሰው ቀሚሴ ንፋስ ሲነካው ግን ጀርባዬን ቀዝቀዝ ይለኝ ነበር። ላብ እንዲህ ያለ ውለታ እንዳለው እስከዚያ ቀን አላስተዋልኩም።

ከቀትር በኋላ ዱካዋ መወላገድ ጀመረ። ጋሽ አደም ጎንበስ ብለው መሬት ላይ የወደቀ የለሃጭ አረፋ አሳዩኝ።

“እሷ ደክሟታል። አንቺስ?” አሉኝ።

እግሬ ተልጦ ነበር። “እኔ ገና ነኝ” አልኳቸው። የዋሸሁ መስሎኝ ነበር፤ ስራመድ ግን እውነት ሆኖ ተገኘ።

ሜዳው መሐል አንገቷን ደፍታ ቆማ አገኘናት። ቀስ ብዬ ግንባሯን ዳሰስኩ፤ ንቅንቅ አላለችም። የቀረውን ውኃ በመዳፌ አጠጣኋት፤ ከዚያ ፀሐዩ እስኪበርድ አንዱን ዛፍ ለሦስት ተጠለልነው። እየመራኋት ስመለስ አጫጆቹ በሙሉ ከተቀመጡበት ተነሡ። ጠዋት አብዝቶ የሳቀብኝ ወሎዬ ገመዷን ሊይዝልኝ እጁን ዘረጋ። አልሰጠሁትም። እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

አገሬ ልገባባት ያሰብኳት ጊደር ወለደችና እዚሁ አስቀረችኝ፤ ልጄ ያደገችው በእሷ ወተት ነው። ታሪኩን ስጨርስ ለተማሪዎቿ አንድ ነገር እንድትጨምርላቸው ነገርኳት፤ እግርና ላብ ቢኖረኝም፣ ሳይስቅብኝ አጠገቤ የቆመ ሰው ባይኖር ጊደሯ ሱዳን ገብታ ነበር። ልጄ እስክሪብቶዋን አነሣች። መጀመሪያ የጻፈችው “ጋሽ አደም” የሚለውን ነው።