ሁለት እፍኝ ጨው

ዘንድሮ ለገና መቱ ነበርኩ። ቤተ ክርስቲያናችን እንደ ወትሮው ከቅዳሴ በኋላ አቅመ ደካማውንም እንግዳውንም ጎረቤቱንም በዳስ ሰብስቦ አበላ። ወጥ ከሚያወጡት ወጣቶች አንዷ ጓደኛዋን፣ «ተይ፣ እንደ እትዬ ወርቅነሽ ጨው እንዳትደፊበት!» አለቻትና ተሳሳቁ። ልጅቷ እትዬ ወርቅነሽን አታውቃቸውም፤ እሳቸው ሲሞቱ ገና አልተወለደችም። እኔ ግን በደንብ አውቃቸዋለሁ።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። እትዬ ወርቅነሽ የበጎ ፈቃደኞቹ የወጥ አለቃ ነበሩ። ሥጋው የሚወጠወጠው በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሁላችንም ጿሚ ስለሆንን ማንም አይቀምሰውም። ሌላ ሴት ብትሆን ያልጾመ ሕፃን ጠርታ ታስቀምሳለች። እሳቸው ግን ወደ ድስቱ ጎንበስ ብለው ሽታውን ሳብ ያደርጉና ጨዉን በእፍኛቸው ይለካሉ። «እጄ ያውቃል» ይሉ ነበር። እውነትም ያውቅ ነበር።

በዚያ ዓመት ረዳታቸው አደረጉኝ፤ ኩራቴ ለጉድ ነው። የቡና ለቀማ ወቅት ስለነበር በየግቢው የተሰጣው ቡና ሽታ ከቅቤው ጋር ተደባልቆ ይመጣል። እትዬ ከጎሬ የመጡ እንግዶች ሊቀበሉ ብድግ ሲሉ ድስቱን ለእኔ ተዉልኝ። እኔ ደግሞ ጨው ሲጨምሩ አላየሁም። እንዳልጠይቃቸው፣ «ረስተዋል» ያልኳቸው ይመስልብኛል ብዬ ፈራሁ። ይሉኝታ ክፉ ነው። ሁለት እፍኝ ጨመርኩና አማሰልኩት።

በማግስቱ ከሁሩሙ የመጡ አንድ ሽማግሌ የመጀመሪያውን ጉርሻ እንደጎረሱ፣ «ዋ! ይሄ ሶጊዳ ነው እኮ!» አሉ። ሶጊዳ በኦሮምኛ ጨው ነው። ዳሱ በሳቅ ሞላ። ሕዝቡ እየሳቀ በላ፤ እስከ ማታ ይበቃል የተባለው ብርዝ ረፋዱ ሳያልፍ አለቀ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሼ ታምራት ግን አልሳቁም። ቀስ ብለው ጭልፋውን ከእትዬ እጅ ወሰዱና፣ «እንግዲህ ይረፉ እትዬ፤ ደክመዋል» አሏቸው። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር።

በኋላ ስፈልጋቸው ከዳሱ ጀርባ ግንድ ላይ ተቀምጠው ጣታቸውን እያጠፉ ለራሳቸው ያወራሉ።

«ሽንኩርቱ... ቅቤው... ከዚያ ጨዉ። አንዴ ነው ወይስ ሁለቴ?» ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ አጠገቤ ነበርሽ። ሁለቴ ስጨምር አይተሻል? እውነቱን ንገሪኝ። እናቴን እንዲህ ነው የጀመራት። በመጨረሻ እኔንም አታውቀኝም ነበር።»

እንባዬ ቀደመኝ። «እኔ ነኝ እትዬ። እርስዎ ሲሄዱ እኔ ጨመርኩበት።»

 ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ግንባሬን ሳሙኝ።

«ተመስገን! ልቤ አለ ማለት ነው!»

«ሄጄ ለጋሼ ታምራት ልንገራቸው።»

«ተዪ! አንቺ ነገ የምታገቢ ልጅ ነሽ፤ ወጥ አበላሸች ይሉሻል። እኔን ከእንግዲህ ማን ሊያጨኝ ነው? እኔ ካወቅሁ ይበቃኛል።»

ተውኩት። በሚቀጥለው ዓመት ኮሚቴው ጭልፋውን ለእኔ ሰጠኝ፤ እሳቸው ጥግ ተቀምጠው ሽንኩርት ላጡ። ቅር ያላቸው አይመስሉም ነበር። እኔም አይመስሉም እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

ዘንድሮ ግን ሳህኔን አስቀምጬ ወደ ልጆቹ ሄድኩ። «እትዬ ወርቅነሽ አንድም ወጥ አላበላሹም። ያን ጨው የደፋሁት እኔ ነኝ» አልኳቸውና ታሪኩን ነገርኳቸው። ያቺው ልጅ፣ «ታዲያ በሕይወት ሳሉ ለምን አልተናገሩላቸውም?» አለችኝ።

«ተዪ ብለውኝ ነው» ልል አፌን ከፈትኩ። ግን እሱ አልነበረም። ተዪ ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነበር።