ሐዲዱን አየሁት፣ አንተስ?

«መስመሩ ሲያልቅ እመጣለሁ» ብዬ ለአባቴ የጻፍኩለት ሥራው በተጀመረ ሰሞን ነው። አትላንታ ለኦሎምፒኩ ስትጣደፍ ያልተቆፈረ ሰፈር አልነበራትም፤ እኛም ወደ ሰሜን የሚሄደውን የከተማ ባቡር ሐዲድ በአውራ ጎዳናው መሃል እንዘረጋ ነበር። ሌላው ስደተኛ «ወረቀቴ ይስተካከል»፣ «ትንሽ ልደላደል» ሲል ቀጠሮው ማብቂያ የለውም። የእኔ ቀጠሮ ግን ሐዲድ ነው፣ ሐዲድ ደግሞ ያልቃል ብዬ ራሴን አሞኘሁ።

አባቴ ድሬዳዋ ዕድሜውን የጨረሰው የሐዲድ ጠጋኞች ካቦ ሆኖ ነው። ብረቱን ፀሐይ ሳያግለው፣ ገና በማለዳ፣ ጠጠሩ ላይ በሆዱ ይተኛና ጉንጩን ሐዲዱ ላይ አስደግፎ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል። ሐዲዱ ዝቅ ያለበትን ሲያገኝ «እዚያ ጋ ተቀምጧል፣ አንሡት» ይላል። ሠራተኞቹ ያነሡና ከሥሩ ጠጠር ይጠቀጥቃሉ። ተሳስቶ አያውቅም። ቤት ሲገባ ግራ ጉንጩ ላይ የዝገት መስመር አለ፤ እናቴ በሕይወት ሳለች በእርጥብ ጨርቅ ትጠርግለት ነበር። እኔ ያንኑ ነገር ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በቀመር ተማርኩትና መሐንዲስ ተባልኩ። በዚያው መስመር ጥቂት ዓመት ሠርቼ፣ አገሩ ሲታመስ ወጣሁ።

አትላንታ የተቀበለችኝ በፓርኪንግ ሠራተኛነት ነው። ከዚያ ለባቡሩ ሥራ ሰው ይፈለጋል ሲባል ሄድኩ። ዲግሪዬን የጠየቀኝ የለም፤ አካፋ ሰጡኝ። ለአባቴ «እዚህም ባቡር ላይ ነው ያለሁት፣ መሐንዲስ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ። ውሸት አይደለም፤ መሐንዲስ ነበርኩ፣ ባቡር ላይም ነበርኩ። አካፋውን ብቻ ነው የዘለልኩት።

አለቃችን አይሪሽ ነው፣ ስልሳን ያለፈ መሐንዲስ። ድሬዳዋ ያደገ ሰው አንቱታ ይተናነቀዋልና አባቴንም እሱንም በለመደ አፌ ነው የምጠራው፤ አንባቢ ይታገሠኝ። ሽማግሌው በሃያ ሁለት ዓመቱ ከአገሩ ወጥቶ አፍሪካም እስያም ሐዲድ ሲዘረጋ ኖሯል። የጆርጂያ ፀሐይ አንገቱን በርበሬ አስመስሎታል። የወደድኩት ግን አንድ ማለዳ ነው። ባለ ሦስት እግሩ የቅየሳ መሣሪያ አጠገቡ ቆሞ ሳለ፣ ሄልሜቱን አወለቀና ቀዩ አፈር ላይ በሆዱ ተኝቶ ጉንጩን ሐዲዱ ላይ አስደገፈ። አካፋዬን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ከአገር ከወጣሁ አባቴን ያየሁት ያህል የተሰማኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

በዚያው ሳምንት ካሜራ ገዛሁና የዘረጋነውን ሐዲድ አንሥቼ ላክኩለት። ወር ከምናምን ቆይቶ መልሱ በራሱ ጽሕፈት መጣ። «ሐዲዱን አየሁት። በግራ በኩል፣ ከሦስተኛው ብየዳ አለፍ ብሎ ተቀምጧል። ንገራቸው። አንተስ የት አለህ? አንተን አላየሁም።»

ሳቅኩ። ቻምብሊ በሚባለው ሰፈር አንድ አፓርትመንት አብሮኝ ለሚኖረው የወሎ ልጅ አነበብኩለት፤ ታክሲ ነጂ ነው። «ወላሂ፣ ፋዘርህ ከድሬ ሆኖ ኢንስፔክት ያደርጋል!» ብሎ ተንከተከተ። በማግስቱ ግን አላስቻለኝም። በዕረፍት ሰዓት ሰው ሳያየኝ ሄጄ ተኛሁ። ከሦስተኛው ብየዳ አለፍ ብሎ ትንሽ ዝቅታ አለች፤ ቆሞ ለሚያይ አትታይም። ለሽማግሌው ነገርኩት። እሱም ተኝቶ አየ።

«ማን ነው ያገኘው?»

«አባቴ።»

«የት ነው ያለው?»

«ድሬዳዋ።»

ነገሩን ሳስረዳው እስኪያስለው ሳቀ። ዝቅታዋን አስነሥቶ ካስጠቀጠቀ በኋላ «ከእንግዲህ በየወሩ ላክለት» አለኝ።

ላክኩ። አባቴ በማጉያ መነጽር እያየ ይመልሳል፤ አንዳንዴ ጉድለት ያገኛል፣ አንዳንዴ «ደህና ነው፣ ካቦው ጎበዝ ነው» ይላል። ይህን ስተረጉምለት ሽማግሌው እንደ ልጅ ደስ ይለው ነበር። እኔም በየማለዳው ሐዲዱ ላይ መተኛት ለመድኩ። አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ብራያርክሊፍ መንገድ ላይ ካለው ሱቅ በርበሬ ልገዛ ገባሁና ባለሱቋ «ፊትህ ላይ ምንድን ነው?» አለችኝ። «ዝገት ነው» አልኳት። መሐረብ አቀበለችኝ፤ አመስግኜ ሳልጠርገው ወጣሁ። አባቴ የሚናፍቀኝ በበዓል አይደለም፤ በበዓል ሰው አለ፣ ጨዋታ አለ። የሚናፍቀኝ ማለዳ፣ ጠጠር ሲጠቀጠቅ ስሰማ ነው።

የደብዳቤው መጨረሻ ግን አይለወጥም፤ «አንተስ? አንተን አላየሁም» ይላል። ይህቺን ጆሮ ዳባ ልበስ አልኳት። ሰፈር ውስጥ «ልጄ የአሜሪካን ባቡር ይሠራል» እያለ እንደሚኮራ አውቃለሁ። በጭቃ የተለወሰ ልጅ አካፋ ይዞ ከፖስታው እንዲወጣለት አልፈለግኩም። ነጭ ሄልሜት የሚያደርጉት መሐንዲሶቹና ተቆጣጣሪዎቹ ናቸው፣ የእኛ ቢጫ ነው። ነጩን ሳደርግ እነሣለሁ አልኩ።

በሁለተኛው ዓመት ደብዳቤው ተለወጠ። «በቀኝ በኩል ጎብጧል» አለ። ሄደን አየን፤ ምንም የለም። በሚቀጥለው «ሁለቱም ተቀምጠዋል፣ ምን ነካችሁ?» ብሎ ተቆጣ። ሽማግሌው ተኝቶ አየ፣ እኔም ተኝቼ አየሁ፤ ሐዲዱ ቀጥ ብሏል። ሽማግሌው ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈ።

«ሐዲዱ ደህና ነው» አለ። «የአባትህ ዓይን ነው የደከመው። ሂድ።»

«መስመሩ ሊያልቅ ነው እኮ» አልኩት። «ሲያልቅ እሄዳለሁ።»

ከኪስ ቦርሳው ፎቶ አወጣ። ትንሽ የድንጋይ ቤት ነው፣ ከበስተኋላው ባሕር ይታያል። አገሩ ያሠራው ቤቱ ነው፤ ጣሪያ ከለበሰ አሥራ አንድ ዓመቱ፣ አንድ ቀን አላደረበትም። እርጥበት እንዳይገባው እህቱ በሳምንት አንዴ ሄዳ እሳት ታነድበታለች። «እኔም መስመሩ ሲያልቅ ነበር የምለው» አለኝ። «የትኛው መስመር እንደሆነ ረሳሁት።» ከዚያ ካሜራዬን ነጠቀኝና እንዳለሁ፣ አካፋዬን እንደተደገፍኩ አነሣኝ። «ይህን ላክለት። ዛሬ ነገ ሳትል።»

ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ፊቴ ጥርት ብሎ ይታያል። ጭቃውም ጥርት ብሎ ይታያል። መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። የወሎው ልጅ ጮኸብኝ፤ «አንተ ሰውዬ፣ ሲሪየስሊ፣ ፋዘርህ ማየት የፈለገው አካፋውን ነው አንተን? ሜይል አድርገው እንጂ!» እውነቱን ነበር። እውነቱን ስለሆነም ሁለት ቀን አኮረፍኩት።

መስመሩ አለቀ፤ ኦሎምፒኩ መጥቶ ሄደ። ወዲያው ሁለት ጣቢያ ይጨመርበታል ተባለ። ሽማግሌው «ይህ የመጨረሻዬ ነው» ብሎ ቀረ፣ እኔንም ተቆጣጣሪ ሆኜ እንድቀጠር ተሟገተልኝ። የመኖሪያ ወረቀቴ በእጄ ከገባ ቆይቷል። ምክንያት አልነበረኝም፤ ሰበብ ግን አላጣሁም። የአባቴ ደብዳቤ ቆመ። በጎረቤት ስልክ ሳገኘው ድምፁ ደህና ነው፣ ስለ ዓይኑ ስጠይቀው ወሬ ይለውጣል። ነጩን ሄልሜት የተቀበልኩ ዕለት፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ፣ አዲሱ ሐዲድ አጠገብ ቆሜ ተነሣሁና በአደራ ፖስታ ላክኩለት።

መልሱ በታናሽ እህቴ ጽሕፈት መጣ። ከአገር ስወጣ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች።

«ወንድም ጋሼ፣ ፎቶህ ደርሶናል። አባባ ካለፈው ፋሲካ ጀምሮ ጭራሽ አያይም፤ እንዳልነግርህ አስምሎኝ ነው። ፎቶውን በእጁ ይዞ ምን እንዳለበት ንገሪኝ አለኝ። ነጭ ሄልሜት አድርጓል፣ ሐዲዱም ያምራል አልኩት። ሐዲዱን ተዪው፣ ሄልሜቱንም ተዪው፣ ፊቱን ንገሪኝ አለ። እኔ አንተን በደንብ አላስታውስህም፤ ምን እንደምለው ጨነቀኝና፣ አባባ፣ አንተን ይመስላል አልኩት። ፎቶውን በጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ፣ እንግዲያው ሸምግሏል አለ።»

መሳቢያውን ከፈትኩ። አካፋ የያዝኩበት ፎቶ እዚያው አለ። ያኔ ብልከው በደከመ ዓይኑም ቢሆን ያየኝ ነበር። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

በማግስቱ ሽማግሌው ቢሮ ገብቼ አገር ቤት ልሄድ ፈቃድ ጠየቅኩ። ምክንያቱን አልጠየቀኝም፤ ወረቀቱን ፈርሞ ሰጠኝ። ምን ያህል ሐዲድ እንደቀረን ሁለታችንም እናውቅ ነበር። መስመሩ አላለቀም።