የተመስገን እናት ያዩት ቀይ ብርሃን

ከትናንት ወዲያ ማታ... ቢጠና አካባቢ አጎቴ ጋ ነበርኩ። ከርከሮ በቆሎውን እየጨረሰበት ሰውየው እንቅልፍ አጥቷል። እኔም ከደቡብ አፍሪካ የተመለሰው የአክስቴ ልጅ ያመጣውን፣ ጠመንጃ ላይ ታስሮ በጨለማ የሚያሳይ መነጽር ተውሼ ከሶዶ ድረስ ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ።

አጎቴ የቀበሌ ሚሊሻ ስለሆነ የተመዘገበ ክላሽ አለው። በአንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ እንኳ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። መነጽሩን ከማሰሬ በፊት መብራቱን ሳበራው ግን ከፊት በኩል አጎንብሶ አየና...

«ቀይ ዓይን አለው እንዴ ይሄ?» አለኝ።

«ጨለማውን የሚያበራለት እሱ ነው። ከርከሮ ምኑን ያውቃል!» ብዬ ሳቅኩበት።

ሲመሽ ቢጫ ጀሪካን ሰቅለን ሞከርነው። መጀመሪያ ወደ ግራ ሳተ። ትንንሾቹን ማስተካከያዎች እያዞርኩ ደግሜ ተኮስኩ፣ ጀሪካኑ ተበሳ። ከዚያ በኋላማ ማን ይቻለኝ!

ማሳው ጫፍ ላይ ተኝተን ስንጠብቅ... ከወዲያኛው ዳር አንድ የጎበጠ ነገር ወደፊት ወደኋላ ሲል ታየኝ። አረንጓዴ፣ ድብልቅልቅ ያለ። አቀባበልኩ። መስቀለኛውን መስመር መሀሉ ላይ አሳረፍኩ። ጣቴ ምላጩ ላይ ነው።

«ቆይ... አጥርተህ እይ» አለኝ አጎቴ በሹክሹክታ።

ለካ መነጽሩን ያጠራሁት ለቅርቡ ጀሪካን ነው! ፊት ያለችውን ቀለበት ቀስ ብዬ አዞርኳት... ነጠላ። የተዘረጉ እጆች። የአጎቴ ጎረቤት፣ የተመስገን እናት፣ ማሳቸው ዳር ተንበርክከው ይጸልያሉ።

ጠመንጃውን መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ለአጎቴ ያየሁትን በጆሮው ነገርኩት፣ እየዳህን ከማሳው ወጥተን ቤት ገባን።

ትናንት ቤተክርስቲያን፣ የምስክርነት ሰዓት ላይ የተመስገን እናት ተነሱ።

«ልጄ ተመስገን ደቡብ አፍሪካ ብሎ ከወጣ ድምፁ ጠፋ። ትናንት ማታ በቆሎ ዳር ወጣሁ። 'ጌታ ሆይ፣ የምታየኝ ከሆነ አሳየኝ' አልኩ። ቀይ ብርሃን መጣ! ትንሽ ነው። ዝም ብሎ እኔን ያያል። እኔ አልፈራሁም። ገብቼ ተኛሁ። ስንት ጊዜ እንቅልፍ አልነበረኝም!»

ጉባኤው «ሃሌሉያ!» ብሎ ተነሳ። አጎቴ ጫማውን ማየት ጀመረ። እኔ... አጨበጨብኩ። አዎ፣ አጨበጨብኩ።

ስንወጣ እናትየው በሩ ላይ ያዙኝ።

«አዬ...» ብዬ፣ በወላይትኛ እናቴ ብዬ፣ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ፊታቸው እንዴት እንደበራ ሳይ መልሼ ዘጋሁት። ብነግራቸው እንቅልፋቸውን ልወስድባቸው ነው። ዝም ስል ደግሞ በቆሎ ማሳ ውስጥ ተደብቄ አምላክ ልሆንባቸው ነው። እንደዚህ አፍሬ አላውቅም።

«ማታ ከአውሬ ስትጠብቁልን ነበር አሉ» አሉኝ። «ጌታ ይባርክህ ልጄ!»

ቀኝ እጄን ይዘው ሳሙት... ምላጩ ላይ የነበረውን።