ማንም ያልረገጠው ምንጣፍ

አባየ ከቃጫ የበር ምንጣፍ ይሠራል። ቀሐ ወንዝ አጠገብ ባለው ቤታችን እናቴ ከጠዳ የሚመጣውን ቃጫ ታበጥራለች፣ እኔ ገመዱን አከራለሁ፣ እኅቴ ጠርዙን ትሰፋለች። ምንጣፉ ተወጥሮ የሚሠራበት መወጠሪያ ፊት ያለው ወንበር ግን የአባየ ብቻ ነው። ገበያ ወጥቼ የምሸጠው እኔ ነኝ። «እዚህ ላይ እግሩን የጠረገ ሰው ኃጢአቱም አብሮ ይራገፍለታል፤ የኮሶዬ ጭቃ ራሱ ከሩቅ ሲያየው ይደርቃል!» እላለሁ። ደንበኛው እየሳቀ ይገዛል።

በቤታችን አንድ ሥርዓት አለ። አዲስ ምንጣፍ ከመሸጡ በፊት በራሳችን ደጃፍ ይነጠፋል። የውጭ ሰው ረግጦት ብናኙ ካልረገፈ ከቤት አይወጣም።

ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት አባየ አንዱን ጨርሶ ራሱ አነጠፈው። እናቴ ልትወጣ ስትል ደጃፉ ላይ ቀጥ አለች። ዳርና ዳር መሆን የነበረበት ጥቁር ቃጫ መሃል ለመሃል ወርዷል፤ አግድምም አቋርጦታል። ነጩ ምንጣፍ ላይ ጥቁር መስቀል ተዘርግቷል።

የአባየ ዓይን ሞራ እንደለበሰ እናውቅ ነበር። እሱ «ጭሱ ነው» ይላል፤ እኛም ጭስ በሌለበት ክፍል ቁጭ ብለን «አዎ፣ ጭሱ ነው» እንላለን። አሁን እውነቱን መንገር ወንበሩን ከሥሩ መንጠቅ ሆነብን። እናቴ ነጠላዋን ሰብስባ ምንጣፉን ዘለለችው። እኅቴም ዘለለች። እኔም ይህን ሁሉ ቦርጭ ተሸክሜ እንደ ጭላዳ ዘለልሁ።

«ዛሬ እንኳ ያን አፍህን ያዝልኝ» አለችኝ እናቴ በጆሮዬ።

«ዞር ሲል አነሣዋለሁ» አልኋት።

ይህን ስንባባል የንስሐ አባታችን ደረሱ። ሊረግጡ ያነሡትን እግር አየር ላይ እንደያዙ ቆሙ። ከዚያ ልብሳቸውን ሰብሰብ አድርገው በጎን ተሻግረው ገቡ።

አባየ ጆሮውን አቅንቶ ነበር። አዲስ ቃጫ ሲረገጥ ድምፅ አለው፤ ያንን ድምፅ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው።

«ምነው አባ፣ አልረገጡትም?»

ቄሱ እኛን አዩ። እኛ መሬት መሬት አየን።

«አንተ ቀጣፊ» አለኝ አባየ፤ ሁልጊዜ የሚጠራኝ እንዲህ ነው። «እስቲ አንተ ንገረኝ። ምን አለበት?»

ሺህ ውሸት ምላሴ ጫፍ ላይ ተሰልፎ ነበር። ፊቱን ሳይ አንዱም አልወጣ አለኝ።

«መስቀል አለበት፣ አባየ። ጥቁሩ መሃል ገብቷል።»

ጎንበስ ብሎ ዳሰሰው። ጥቁሩም ነጩም ለእጅ አንድ ነው። ደጋግሞ ዳሰሰው። ከዚያ ተንበርክኮ ሳመው።

«መቀስ ላምጣ?» አለች እኅቴ።

«መስቀል በመቀስ? እፈታዋለሁ እንጂ!»

ቀኑን ሙሉ አንድ በአንድ ፈታው። ቄሱም ሳይሄዱ አጠገቡ ተቀምጠው የተፈታውን ይጠቀልሉለት ነበር።

ሲጨርስ ወደ መወጠሪያው ሄደና ወንበሩን በመዳፉ ጠረገው። «ነይ፣ ቁጭ በይ» አላት እኅቴን።

«እንዴ አባየ! አንተ ቆመህ?»

«ቁጭ በይ አልሁሽ። እኔ አከራለሁ። ማክረር ዓይን አይፈልግም።»

እንባዋን እየጠረገች ተቀመጠች። አባየ እኔ ጎን መሬት ላይ ተቀምጦ የቃጫውን ጫፍ መፈለግ ጀመረ። ላቀብለው እጄን ዘርግቼ መልሼ ሰበሰብሁት። ቆየ እንጂ ራሱ አገኘው።