ምሕረትን ወክለው የመጡት ተማሪ

ነገሩ የሆነው አምና ነው። አንጋጫ አጠገብ፣ በአንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ፣ መደበኛ ትምህርት ቤት መግባት ያልቻሉ ልጆችን አስተምራለሁ። ዛሬም ስም በጠራሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ሳቄም ይመጣል።

ምሕረት ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። እናቷ ከሞተች ወዲህ ታናናሾቿን የምታሳድገውም፣ ገበያ ወጥታ ድንች የምትሸጠውም እሷ ነበረች። በገበያ ምክንያት ሁለት ቀን ቀርታ ነበር። ሦስተኛ ከቀረች ስሟ ይሰረዛል፤ ተፈትና አራተኛ ክፍል የመግባቷም ነገር ያበቃል። ይህንኑ ለአባቷ ለአቶ ኤርጃቦ ነገርኳቸው።

"ግድ የለም መምህርት፣ ቦታዋ ባዶ አይሆንም" አሉኝ። እኔ ሞኟ አመንኩ።

በገበያው ቀን ቦታዋ ላይ ተቀምጠው ያገኘሁት ራሳቸውን ነው። ጉልበታቸው ዴስኩ ሥር አልገባ ብሎ ወደ ጎን ዞረዋል።

"እድር ላይ ሰው ሲቀር ተወካይ ይልክ የለ? ይኸው መጣሁ።"

"ታዲያ ድንቹን እርስዎ አይሸጡም?"

"እኔ ለሁሉም ስመርቅ ጆንያው ያልቃል። ምሕረት ከልክላኛለች።"

እጃቸውን ይዤ ላስወጣቸው ስል ከወረዳ የመጣ ተቆጣጣሪ ገባ። መዝገቡን ተቀብሎኝ ስም መጥራት ጀመረ። ላብ አጠመቀኝ።

"ምሕረት ኤርጃቦ!"

"አቤት!" ብለው ብድግ ሲሉ ዴስኩም አብሯቸው ተነሣ።

ተቆጣጣሪው ሽበታቸውን አየ፤ መዝገቡን አየ። "ዕድሜ አሥራ ሁለት ነው የሚለው።"

"እሷ ገበያ ናት ጌታዬ። እኔ ተወካይ ነኝ።"

ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ፣ ለካ እሱም የእድር ሰው ኖሯል፣ ኮስተር ብሎ "የውክልና ደብዳቤ ይዘዋል?" አላቸው።

አቶ ኤርጃቦ ከኪሳቸው የደብተር ቅዳጅ አወጡ። ተቆጣጣሪው ጮክ ብሎ አነበበው፦

"አባቴን ልኬዋለሁ። የተማረውን ቤት መጥቶ ያስተምረኛል። ካላስተማረኝ ይቀጣል። ምሕረት ነኝ።"

"ማን ጻፈላት?" አለኝ።

"ራሷ" አልኩ። ይህች ልጅ ስትመጣ እርሳስ መያዝ እንኳ አታውቅም ነበር። እንባዬ መጣ።

ተቆጣጣሪው ወረቀቱን ደግሞ አነበበውና ምሕረትን "ተገኝታለች" ብሎ መዘገባት።

ምሕረት ፈተናውን አልፋ ዘንድሮ አራተኛ ክፍል ገብታለች። ድንቹን አሁን አባቷ ይሸጣሉ፤ ምርቃቱንም አልተዉም። ገበያ በሌለበት ቀን ግን እየመጡ እዚያው ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ።

አንድ ቀን "አሁንስ ማንን ወክለው ነው?" ብላቸው፣ አንገታቸውን ደፍተው "ራሴን" አሉኝ።

ያን ዕለት ላስወጣቸው እንደነበር ሳስብ አፍራለሁ። ስለዚህ መዝገቡ ላይ ባይኖርም መጨረሻ ላይ የእሳቸውን ስም እጠራለሁ። "አቤት!" ብለው ይነሣሉ፤ ዴስኩም አብሯቸው ይነሣል።