ጥልፍ ላይ መቀመጥ

ጣልያን ዲላን ይዞ ሳለ የከተማዋ ጣልያናዊ ሹም ስድስት የምግብ ጠረጴዛ ወንበሮች በካሚዮን አስመጣ። እንጨታቸው ጥቁር ቀይ ነው፤ ዋንዛም አይደለም፣ ዝግባም አይደለም፣ ማሆጋኒ ይሉታል። እኛን የገረመን ግን መቀመጫው ነው፤ በሱፍ ክር፣ በእጅ የተጠለፈ ጽጌረዳ። ጥልፍ ለቀሚስ ደረት እንጂ ለመቀመጫ ሲውል ማን አይቶ ያውቃል?

በመንገድ የአንዱን ወንበር መቀመጫ ችንካር ቀዶት ኖሮ የሹሙ አስተርጓሚ ወደ እናቴ መጣ፤ በጥልፍ የታወቀች ነበረች። እሷ ዋጋ አልጠየቀችም። አባቴ ለመንገድ ሥራ በግድ ከተወሰደ ወራት አልፈው ስለነበር እሱን እንዲለቁላት ጠየቀች። ሹሙም፣ የተጠገነውን ከስድስቱ መለየት ካቃተኝ ይለቀቃል፣ ከለየሁ ግን እዚያው ይቆያል አለ።

እናቴ ወንበሩን ገልብጣ ሁለት ቀን መርፌ ሳትነካ አየችው። እኔ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነኝ፤ መቼ ትጀምሪያለሽ እያልኩ ነዘነዝኳት። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብላ አባረረችኝ። እንዲያ ያለ ቀለም ያለው ክር ገበያ ላይ አይገኝም። በመጨረሻ ከእንጨቱ ሥር የታጠፈውን፣ ማንም የማያየውን ጠርዝ ፈታች፤ ክሩን ከዚያ መዘዘች። ስትሠራ ወሬዋ ሁሉ ወንበሮቹን መጀመሪያ ስለጠለፈችው፣ ስለማናውቃት ሴትዮ ነበር። እዚህ ጋ ደክሟታል፣ እዚህ ጋ መሽቶባታል፣ ልጆች ይኖሯት ይሆን ትላለች። እኔም አብሬ ማሰብ ጀመርኩ።

የፈተናው ቀን ሹሙ የተደረደሩትን አንድ በአንድ አየና አንድ ቅጠሉ ጠመም ያለውን ጠቆመ።

አስተርጓሚው፣ «ይሄ ሻካራ ነው፤ ያገሬው እጅ ያስታውቃል ይላል» አለ።

እናቴ ራሷ የጠገነችውን ሌላ ወንበር ገለበጠችና ክሩ የተመዘዘበትን ጠርዝ አሳየችው። ሹሙ ሳቀ፤ ቃሉን ግን ጠበቀ፤ አባቴ በሳምንቱ ቤቱ ገባ። በፈተናው ቀን ግን እኔ በደስታ ስዘል እናቴ ከሹሙ ግቢ ፊቷን አጥቁራ ነው የወጣችው፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

ጣልያን ሲሸሽ የሹሙ ቤት ክፍት ቀረ፤ ሰውም የቻለውን ተሸከመ። አባቴ ሁለታችንንም ይዞ ሄደና ያስፈታኝን ወንበር አሳዪኝ፣ ቤታችን ይግባ አላት። እሷ የራሷን አለፈችና ቅጠሉ የጠመመውን አነሳች።

«ያንቺ ይሄ ነው?» አላት።

«የኔ አይደለም፤ የሴትዮዋ ነው። በኔ ምክንያት ሻካራ ተብላ ተሰድባለች።»

ወንበሩ ማንም ሳይቀመጥበት ቤታችን ኖረ። እናቴ አቧራውን ባራገፈች ቁጥር፣ ልጆች ነበሯት ይሆን ትላለች።